የእንግዳ ቃል፣ የራዚያ ጉበት

ባሌን የዲላ ሥጋ ቤቶች «እንግዳ ጉበት» ይሉት ነበር። ቁልምጫ እንዳይመስላችሁ። ቄራ ውስጥ ሥጋ መርማሪ ሆኖ በሠራባቸው ዓመታት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ቢላውን ስሎ ይገባና የታረደውን ከብት ጉበት ሁሉ አንድ በአንድ እየሰነጠቀ ያያል። ትል ያገኘበትን ክሪዮሊን የሚሉትን ጀርም ማጥፊያ ያፈስበትና ጉድጓድ ይጨምረዋል። የጠዋት ዱለቱን ሲጠብቅ የቆየ ሰው ይህን አይቶ እንዴት ይውደደው? ስሙም ለአሽሙር የተመቸ ሆነ። ከበሩ ብቅ ሲል «እንግዳ መጣ፣ ጉበቱን ደብቁ!» ይባባላሉ። አገሩ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ ያለውን ያወጣል፤ የኔ እንግዳ ሲመጣ ግን ይደበቃል።

እኔ ቆንጅት ነኝ፣ ሚስቱ። ዲላ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሦስተኛ ክፍል አስተምሬአለሁ፤ ስለዚህ መናገር አይከብደኝም። እሱ ግን ቃል ይሰስት ነበር። ለቸገረው ሰው ኮቱን አውልቆ የሚሰጥ ሰው፣ ቃል ላይ ሲደርስ ቋጣሪ ነው። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ደሙ ፈልቶ «ለምን ቀበርከው? ምን ሆነ?» ሲለው «ትል» ይላል፣ አለቀ። የትኛው ትል፣ ከየት መጣ፣ ምን ያደርጋል የለም። «አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ቃል ብትጨምር ከደሞዝህ ይቆረጣል?» እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይጨምርም። ብዙ የተጣላነው በዚህ ነው፤ ኋላም የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ የደረሰው ይኸው ጠባዩ ነው።

ዝምታው ካለማወቅ የመጣ አልነበረም። ሥጋ መርማሪ ከመሆኑ በፊት ደብረ ዘይት ተምሮ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ቡሌ ደጋ ላይ ተመድቦ ሳለ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት የጌዴኦ ሴት ዐሥራ አራት በጎች እየነዳች መጣች። በጎቹ ከስተዋል፣ ከመንጋጋቸው ሥር ውሃ ቋጥረዋል፤ የጉበት ትል ነው። በዚያ ዘመን ለዚህ የሚሰጥ አንድ ብርቱ መድኃኒት ነበር። እንግዳ ሁሉንም አጠጣቸውና ሴትዮዋ አመስግናው ሄደች። በማግስቱ ሰባቱ ሞተው ተገኙ። አልጮኸችም፣ አልረገመችውም፤ እጁን ይዛ ወስዳ አሳየችው ብቻ። ይህን ሲነግረኝ ሁሌም እዚህ ላይ ይቆማል።

ነገሩ ቢከነክነው ለደብረ ዘይት መምህሩ ጻፈ። የመጣለትን መልስ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦት ስለነበር እኔም ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ ትሉ ጉበት ውስጥ ሲርመሰመስ ሰውነት ዝም ብሎ አያየውም፣ ይዋጋዋል። የሚዋጋውም በሚያቃጥል ነገር ነው፤ ብረትን ከሚያዝገው ነገር ጋር ዝምድና አለው። ያ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ጠላትና ወዳጅ አይለይም፣ ጉበቱን ራሱን ይለበልበዋል። ጉበት ለዚህ ማብረጃ አለው። ዋነኛው ግሉታታዮን ይባላል፤ ከእንቁላሉ፣ ከወተቱ፣ ከሥጋውና ከጥራጥሬው ጉበት ራሱ የሚሠራው ነው። ጤነኛ ጉበት ይህን በየቀኑ ያወጣል፣ በየቀኑ ይተካል። ትል የከረመበት ጉበት ግን ከሚተካው የሚያወጣው ይበልጥበትና ክምችቱ ይሟጠጣል። በዚያ ላይ የተራበ ከሆነ የሚተካበትም የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ብርቱ መድኃኒት ሲወርድበት ጉበቱ ይከዳል። እንግዳ ሦስት ገጽ ደብዳቤ አንብቦ ሲያበቃ «ስንቅ አልቆባቸው ነበር» አለኝ። ልጆች በየጊዜው እየታፈሱ በሚዘምቱበት በዚያ ዘመን፣ ስንቅ ማለት ምን እንደሆነ ለማንም መተንተን አያስፈልግም ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ እነ ኸድሩ ይኖሩ ነበር። ኸድሩ ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ዲላ ያደገ፣ የጭነት መኪና ይዞ አንዴ ሞያሌ አንዴ አዲስ አበባ የሚል ሰው ነው። እናቱ እማማ ጀሚሊያ አብረውት ይኖራሉ። ሚስቱ ራዚያ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ስለነበረች እማማ ጀሚሊያ አማትም እናትም ሆነውላታል። አማትና ምራት ሲጣሉ ለማየት ሠፈሩ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣ።

ራዚያ ጫት ነጋዴ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ለገበያተኛ መልስ የማታጣ። ማለዳ ከዲላ ወጣ ብሎ ካለው ጪጩ ሜዳ ወርዳ ከገበሬዎቹ ትረከባለች። ስትረከብ ከየእስሩ ጫፉን ቀንጠስ አድርጋ ታኝካለች፤ ካልቀመሰች አትገዛም። ከዚያ እስሩን እዚያው ሜዳው ላይ ካለው ረግረግ ነከር አድርጋ በኮባ ትጠቀልለዋለች፣ ፀሐይ እንዳያጠወልገው። ሁሉም ጫት ሻጭ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዲላ ስትደርስ ኮባውን ፈትታ እንደገና ትቀምሳለች፣ ደንበኛ ሲጠራጠርም ፊቱ ላይ ትቀምስለታለች። ጫቷም በውኑ ለምለም ነበር።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ራዚያን ትኩሳት ያዛት። አንድ ክሊኒክ ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጣት። ትኩሳቱ ሄዶ መጣ። ቀጥሎ ቀኝ ጎኗን ይወጋት ጀመር፤ ጨጓራ ነው ተባለ። የካቲት ላይ ቀሚሷ ሰፍቷት በመቀነት ታስረው ነበር። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ሆና ሰላም ስትለኝ ዓይኗ ውስጥ ብጫ አየሁ። ሠፈሩም ስም አወጣለት፣ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ አልፎባታል» ተባለ። ኸድሩ የተባለውን ሁሉ እየሰማ ከዚህ ሐኪም ወደዚያ ሐኪም ይዟት ሲዞር ከረመ።

መጋቢት ሲጠባ ሁዳዴ ገባ። በዚያው ሰሞን ባንኮ ጎቲቲ ከብት እየሞተ ነው ተብሎ እንግዳ ለአራት ቀን እንዲሄድ ታዘዘ። ሊወጣ ሲል እማማ ጀሚሊያ በአጥሩ በኩል ጠሩት። ኸድሩ ሞያሌ ነበር።

«እንግዳ ልጄ፣ አንተ የከብቱን ውስጥ ታውቃለህ። እስቲ ይቺን ልጅ እያት በአላህ» አሉት።

ተሻግሮ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ራዚያ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። ጎንበስ ብሎ ከቀኝ ጎድኗ በታች ጣቱን ሲያሳርፍ ጮኸች።

«ጥሬ ቅጠል ትበያለሽ?» አላት።

«ፍየል ነኝ እንዴ ጋሼ?» አለች፤ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና እንኳ ሳቀች።

«ጫቱንስ? ትቀምሺዋለሽ?»

«ካልቀመስኩት እንዴት እገዛለሁ?»

«ጫቱን ከየት ውሃ ነው የምትነክሪው?»

«ከጪጩ፣ ከብቱ ከሚጠጣበት ረግረግ።»

እንግዳ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ያቺን ንቅነቃ አውቃታለሁ፤ ጉበት ሰንጥቆ ትል ሲያገኝ የሚያደርጋት ናት። በበሩ ላይ የቢሮው ላንድሮቨር ጡሩምባውን ይነፋል። ባሌ ቀና አለና፣ «ትል ነው እማማ። ስመለስ ሆስፒታል ይዘናት እንሄዳለን» ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ።

ይህ ነበር የተናገረው። የጉበት ትል ነው፣ ከሆድ ትል ጋር አይገናኝም አላለም። ረግረጉ ዳር ያለው ቀንድ አውጣ ትሉን እንደሚያራባው፣ ትሉም ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ወደ አፏ እንደገባ አልተናገረም። ስንቋ አልቋል፣ አብሏት፣ ምንም ነገር እንዳታጠጧት አላለም። ሁሉም በልቡ ነበር፤ በልቡ እንዳለ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንድ የአገራችን ሰው «ትል ነው» ሲባል ምን ያደርጋል? ኮሶ ይጠጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጥሬ ሥጋ እየበላ በየሁለት ወሩ ኮሶውን ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ትልን በኮሶ ማባረር ለእኛ እጅ እንደ መታጠብ ነው። እማማ ጀሚሊያ ፊታቸው በራ። ያ ሁሉ ወባ፣ ያ ሁሉ ጨጓራ፣ ያ ሁሉ የሌሊት ወፍ ውሸት ሆኖ በሽታው ለካ የምናውቀው ነገር ነው! በዚያው ቀን ገበያ ወጥተው አዲስ የኮሶ አበባ ገዙ፣ ፈጭተው ዘፈዘፉ። ራዚያ በባዶ ሆዷ አድራ ጠዋት አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጣች። እኔም መምህር ተብዬ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ «እሰይ፣ አሁን ይሻላታል» ብያለሁ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ብያለሁ።

አስቀመጣት፣ አስታወካት፣ ትል ግን አልወጣም። ኮሶ የሚያውቅ ሰው የትሉ ራስ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል ይላልና፣ እማማ ጀሚሊያ በማግስቱ አጠንክረው ደገሟት። አሁንም ምንም የለም። «አይ፣ ይሄ የተለመደ ትል አይደለም፣ ክፉ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ሠለሷት። ለሦስት ቀን ከውሃ በቀር በሆዷ የገባ የለም፤ ኮሶ በእህል ላይ አይሠራማ። ሲያጠጧት ጭንቅላቷን በክንዳቸው ደግፈው፣ እያባበሉ፣ እያለቀሱ ነበር። «ትንሽ ቀረሽ ልጄ፣ ጨርሺው፣ እሱ ይውጣልሽ እንጂ» ሲሏት ሰምቻለሁ። ራዚያም እምቢ አላለችም፤ የእማማ እጅ የሰጣትን መቼም እምቢ ብላ አታውቅም።

እንግዳ በአራተኛው ቀን ሲመለስ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ተሻገረ። ራዚያ እርድ የተቀባች መስላለች። ስሟን ሲጠራት ዓይኗን ገለጠች ግን አላወቀችውም። ጣሳው አጠገቧ ነበር። አንሥቶ አሸተተው። ባሌን በሃያ ዓመት ትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ጣሳውን እንደያዘ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ ራዚያን በጀርባው አዝሎ ላንድሮቨሩ ውስጥ አስገባት።

ሆስፒታል የተቀበለን ዶክተር ሽብሩ የሚባል ገና ከትምህርት የወጣ ልጅ ነበር። እየመረመራት ሳለ «ምን አጠጣችኋት?» አለ።

«ኮሶ» አሉ እማማ ጀሚሊያ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

የዶክተሩ እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ በኋላም አንድ የቁጣ ቃል አልተናገረም፤ ልጅ ቢሆንም ደግ ልጅ ነበር። ግን እማማ ጀሚሊያ የቆመችውን እስክሪብቶ አዩ፣ ገባቸው። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

ራዚያ ዐሥራ ሁለት ቀን በግሉኮስ ቆየች። አእምሮዋ ተመለሰ። ሰገራዋም በሦስተኛው ምርመራ የጉበት ትሉን እንቁላል አሳየ፤ እንግዳ ልክ ነበር። መድኃኒቱ አገር ውስጥ አልተገኘም። ከሞያሌ የተመለሰው ኸድሩ ጅቡቲ ለሚመላለስ የአጎቱ ልጅ ላከበት። ዶክተሩ ግን እኔንና እንግዳን ወደ ጎን አድርጎ እንዲህ አለን፦ «መድኃኒቱ ነገ ቢመጣ እንኳ ነገ አልሰጣትም። ጉበቷ ራሱን የሚጠብቅበት ምንም ነገር አልቀረውም። መጀመሪያ መብላት አለባት፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። እዚህ ያቀረብንላትን ሁሉ መለሰችው። ቤቷ ወስዳችሁ ሞክሩ። ካልበላች መድኃኒቱ አይደርስላትም፣ ትሞታለች።» እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ቤት ገባች። አልበላችም። ሽታ ሁሉ ይቀፋታል። እኔ በሁዳዴ፣ ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ወደ ግቢዬ ቀስሮ እያየኝ፣ እንቁላል ጠብሼ ወሰድኩላት። አንድ ጉንጭ ወስዳ ወጣባት። ከኸድሩ ዘመዶች መካከል ጦይባ የምትባል ባለ ሙያ ገንፎ ሠራችላት፣ እሱንም መለሰችው። ደከም ባለ ድምፅ «የእማማን መረቅ ብቻ» አለች። የእማማ ጀሚሊያ የዶሮ መረቅ፣ እንቁላል ተመትቶ የሚጨመርበት፣ አራስና በሽተኛ ሁሉ የሚድንበት ነው ተብሎ በሠፈራችን የታወቀ ነበር።

እማማ ጀሚሊያ ግን እምቢ አሉ። ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ ምድጃ አጠገብ አልደረሱም። ጥግ ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ፤ ሲቀርቧቸው «ይሄ እጅ መርዝ ነው፣ ከእንግዲህ ለሰው አፍ አይሆንም» ይላሉ። ኸድሩ እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከዚያ በማግስቱ ይሁን ብለው ዶሮውን አሳረዱና ሠሩ። ኸድሩ መጥቶ ጠራን፤ ፊቱ ላይ ደስታ የለም። ስንሄድ መረቁ በሳህን ሆኖ እማማ ጀሚሊያ ፊት ተቀምጧል፣ ራዚያ ትራስ ተደግፋ ትጠብቃለች፣ ማንኪያው በአሮጊቷ እጅ ነው፣ እጁ ግን አይንቀሳቀስም።

«ቢሰጧት እኮ ትበላለች» አልኩ፤ እኔ ምን አውቄ።

«ሰጥቻት በልታ አይደል እንዲህ የሆነችው» አሉኝ።

እንግዳ ፊታቸው ተንበረከከ። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ትል ያልኩት እኔ ነኝ። የጉበት ነው ብል ኖሮ፣ አታጠጧት ብል ኖሮ አያጠጧትም ነበር። አውቅ ነበር። አውቄ አልነገርኩዎትም።»

አሮጊቷ ረጋ ብለው አዩት። «አንተ ትል አልክ እንጂ ኮሶ አላልክም ልጄ። የፈጨው ይሄ እጅ ነው። አንገቷን ደግፎ ያጠጣት ይሄ እጅ ነው። አሁንም መረቅ መስሎኝ ሌላ ነገር ሰጥቻት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያኔም ደህና ነገር የሰጠኋት መስሎኝ ነበር ወላሂ።»

«እኔ ልቅመሰው እማ» አለ ኸድሩ።

«አንተ ልጄ ነህ። እናትህ መርዝ ብትሰጥህም ትጠጣለህ፤ የአንተ መቅመስ ምን ያስረዳል?» አሉና ማንኪያውን ወደ ባሌ ዘረጉ። «አንተ መርማሪ ነህ። ይሄ ከተማ በአንተ ነው የሚበላው። ደህና ነው ካልክ ደህና ነው። ቅመስልኝ።»

እኔ እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። ሁዳዴ ነው። ባሌ በጾም ወተት የነካ ማንኪያ የማይነካ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ዶሮ ብቻ አይደለም፣ የእስላም እርድ ነው። ቄራ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሙስሊሙን መደብ ሥጋ ሲመረምር፣ እጁ ነክቶት ይሆናል እንጂ ከአፉ ደርሶ አያውቅም፤ እነሱም የእኛን አይነኩም፣ አብረን የኖርነው በዚሁ ተከባብረን ነው። እማማ ጀሚሊያ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በደስታው ጊዜ እንኳ ጠርተውን ለእኛ ለብቻ ያሳርዱልን የነበሩ ሴት ናቸው። የሚጠይቁትን አጥተው ነው እንጂ በድፍረት አልነበረም። ክንዱን ይዤ ጎተት ላደርገው አሰብኩ፤ ራዚያን አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ማንኪያውን ይከተላል። እጄን መለስኩ።

እንግዳ አማተበና ማንኪያውን ተቀበለ። አንድ ጊዜ ቀመሰ። ደገመ። ሳህኑን አንሥቶ ሠለሰ። ሁላችንም ጉሮሮውን እናያለን። ባሌ ማንኪያውን አስቀምጦ አፉን ጠረገና፣

«ጨው አንሶታል» አለ።

«ምን?»

«ጨው። አንሶታል።»

እማማ ጀሚሊያ ቀና አሉ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ያልታየ ነገር በፊታቸው መጣ፣ ቁጣ። «ጨው አንሶታል? የኔ መረቅ? አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የእስላም መረቅ ጨው ያወቅኸው?» ማንኪያውን ከእጁ ነጠቁ፣ ራሳቸው ጎረሱ፣ አጣጣሙ። «ኸድሩ፣ ሰማህ ይሄን ሰውዬ? ልኩን ነው! ልኩን ነው እኮ!» አሉና በዚያው ቁጣቸው እንዳሉ ማንኪያውን ሞልተው ወደ ራዚያ ዞሩ። «እንኪ አንቺ ፍረጂ። አንሶታል?»

ራዚያ ዋጠች። ጠበቅን፣ አልወጣባትም። «ልኩን ነው እማማ» አለች። ሁለተኛውን ሰጧት፣ ሦስተኛውን ሰጧት። በአራተኛው ላይ የአሮጊቷ እንባ መረቁ ውስጥ እየተንጠባጠበ ነበር፤ እጃቸው ግን አልቆመም።

ስንመለስ አጥሩ ጋ ስንደርስ «እውነት ጨው አንሶት ነበር?» አልኩት።

«አልነበረም። ጣፋጭ ነበር» አለና ፊቱን አዞረብኝ።

ራዚያ በቀን ሰባት ጊዜ፣ አንዳንዴም ስምንት ጊዜ በላች። መድኃኒቱ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከጅቡቲ ሲደርስ ዶክተር ሽብሩ ዓይኗን ገልጦ አይቶ፣ ደሟን አስመርምሮ፣ «አሁን ትችላለች» አለ። መድኃኒቱ ሲሰጣት ማመሙ አልቀረላትም፣ ግን ቻለች። እስከ ክረምት ጉንጯ ተመልሶ ገበያ ወጣች። እንግዳ አብሯት ጪጩ ወርዶ ከጫት ሻጮቹ ፊት ቆመና ስለ ረግረጉ፣ ስለ ቀንድ አውጣው፣ ስለ ቅጠሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ራዚያ መጥታ ስትነግረኝ አላመንኳትም። አንዳንዶቹ ሰሙት፣ አንዳንዶቹ ሳቁበት።

ከዚያ በፊት ግን፣ በዚያው ዓመት ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው የነፍስ አባታችን መምሬ ውዳሴ ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። መስማት አልነበረብኝም፣ ሰማሁ። እንግዳ የበላውን፣ የት እንደበላ፣ በስንተኛው የጾም ሳምንት እንደበላ ሳይሸሽግ ተናገረ። መምሬም «ተጸጽተሃል?» አሉት።

«በመብላቴ አልተጸጸትኩም አባቴ።»

«ታዲያ ምን ልፍታህ? የምትጸጸተው በምንድን ነው?»

ያኔ ባሌ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት ኖሮ ያልተናገረውን ያህል ባንድ ትንፋሽ ተናገረ። «የማውቀውን ነገር ሩቡን ብቻ ተናግሬ መኪና ላይ ወጣሁ። የቀረውን ለመናገር ጫማ የማሰር ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር። በዚያች ሰበብ የሰው ልጅ ልትሞት ነበር፤ እናቷ ደግሞ ገዳይ ነኝ ብለው ወደ መቃብር ሊወርዱ ነበር። ሰባት በግ ሞቶብኝ ያላስተማረኝ ሰው ነኝ። የምጸጸተው በዚህ ነው አባቴ፣ በአፌ መዘጋት።» ባሌ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መምሬ ውዳሴ ፈቱት። መቶ ስግደትም ሰጡት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ስለሆነ አርባውን እኔ ሰገድኩለት።